የቦያችን አዲሱ የኮንክሪት ድልድይ፦ ወንጂ ላይ ተሻግሬ ያየሁት

ድልድዩ ጥሩ ነው። ይህን ቀድሜ ልናገር፣ ወደ ታች ስትወርዱ ወቀሳው ስለሚበዛ። ሶሌታው፣ ማለትም የምንረግጠው የኮንክሪት ወለል፣ ጠንካራ ነው። ስፋቱ በቂ ነው። በግራም በቀኝም መከላከያ አለው። ችግሩ ያለው ኮንክሪቱ አልቆ አፈሩ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ነው። እኔ ደግሞ ድልድይን የምመዝነው እዚያ ላይ ነው። ጋሪ የሚሰበረው፣ የባጃጅ ጎማ የሚፈነዳው፣ ነፍሰ ጡር ሴት የምትንገጫገጨው መሀል ድልድዩ ላይ አይደለም፣ መግቢያው ላይ ነው።

የምጽፈው ከሌሎች መንደሮች "እንዴት ነው? ጭነት ይችላል? እኛም ልናስጠይቅ ነው" እያሉ ብዙዎች ስለጠየቁኝ ነው። መሐንዲስ አይደለሁም። ግን በወጣትነቴ የፌራዮ፣ የብረት አሳሪ፣ ረዳት ሆኜ ሠርቻለሁ፣ ብረት ሲታሰርና አርማታ ሲሞላ ምን መታየት እንዳለበት አውቃለሁ። ሥራው ሲካሄድም ቤቴ ቅርብ ስለሆነ ጠዋት ማታ አየው ነበር። የተቋራጩን ስም አልጠቅስም። ጉዳዬ ከሥራው ጋር ነው።

አካባቢውን ለማታውቁት ትንሽ ልበል። ወንጂ ከአዳማ በስተደቡብ አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሀገሪቱ የመጀመሪያው ስኳር ፋብሪካ የተተከለው እዚሁ ነው፤ ኤች ቪ ኤ የሚባለው የሆላንድ ኩባንያ አቋቁሞት እ.ኤ.አ. በ1954 ማምረት ጀመረ፣ በ1962 ደግሞ ሁለተኛው፣ የሸዋው ፋብሪካ ተከተለ። ዛሬ ሁለቱም አሮጌ ፋብሪካዎች ተዘግተው በአዲስ ተተክተዋል። ቦዩ ግን አለ። ውሃው ከአዋሽ በፓምፕ ይሳባል፣ ከዚያ በራሱ ቁልቁለት በዋናው ቦይ ሄዶ ወደ ትናንሾቹ ይከፋፈላል፣ አገዳው መስመር ውስጥ ይገባል። ስለዚህ እዚህ ሀገር የትም ለመሄድ ቦይ መሻገር አለብህ። ትምህርት ቤት ቦይ ማዶ ነው፣ ጤና ጣቢያ ቦይ ማዶ ነው፣ የአዳማ መንገድም ቦይ ማዶ ነው።

አሮጌው ድልድያችን ከሆላንዶች ጊዜ የተረፈ ነው ይላሉ ሽማግሌዎቹ። በሁለቱም ዳር የድንጋይ ግንብ፣ በላዩ የብረት ምሰሶ፣ በምሰሶው ላይ የተረበረበ ሳንቃ። መከላከያ የለውም። ሳንቃው በየጊዜው ይበሰብስና ይቀየራል፣ አንዳንዴም የሚቀይረው ጠፍቶ የመንደሩ ሰው አዋጥቶ የባሕር ዛፍ ግንድ ያጋድምበታል። አህያ እግሯ ገብቶ ቀርቶ ስትጮህ ያላየ የሰፈራችን ልጅ የለም። ማታ ጠጥቶ የሚመጣ ሰው ቦይ ውስጥ ስለመግባቱ ላልናገር፣ ያልጠጣውም ይገባ ነበር።

ግን ለአሮጌው ፍትሕ ላድርግ። ግንቡ ምንም አልሆነም ነበር። ሲያፈርሱት አየሁ፣ ድንጋዩ ከድንጋዩ አልላቀቅ ብሎ ስካቫተሩ ሲታገል ዋለ። የሞተው ብረቱ ነው፣ እሱም መሀሉ ላይ አይደለም፣ ጫፉ ላይ፣ ግንቡ ላይ በሚያርፍበት ቦታ። ለምን? እዚያ ቦታ አፈርና ፍግ ይጠራቀማል፣ እርጥበት ይይዛል፣ ማንም አይጠርገውም፣ ዝገቱ ከዓመት ዓመት ይበላዋል። ምሰሶው ሲነሣ መሀሉ ውፍረቱን እንደያዘ ነው፣ ጫፉ ግን በጣት የሚፈረፈር ሆኗል። አንድ ሰው በዓመት አንድ ጊዜ አካፋ ይዞ ቢጠርገው ኖሮ ያ ብረት ብዙ ዕድሜ ነበረው። ይህን የምላችሁ ለትዝታ አይደለም። አዲሱም ድልድይ ጠራጊ ይፈልጋል፣ ወደዚያ እመጣለሁ።

አዲሱ እንዲሠራ ሲወሰን መጀመሪያ የተነሣው ሐሳብ ቱቦ ነበር። የኮንክሪት ቱቦ ደርድሮ በላዩ አፈር መሙላት፣ ርካሽ ነው፣ ቶሎ ያልቃል። ስብሰባ ላይ ብዙ ሰው ተቃወመ፣ እኔም አንዱ ነበርኩ፣ እና ልክ ነበርን። ምክንያቱ እምቦጭ ነው። ቆቃ ሐይቅ ከበላያችን ነው፣ እምቦጭ በሀገራችን መጀመሪያ የታየው በ1960ዎቹ አጋማሽ፣ እ.ኤ.አ. ማለቴ ነው፣ እዚያው ቆቃና አዋሽ ላይ ነው። ተቆርጦ ተንሳፍፎ ይመጣል፣ ቱቦ አፍ ላይ ይከመራል፣ ውሃው ወደ ኋላ ይቆማል፣ ከዚያ ቦዩ ዳር ሰብሮ ሰው ቤት ይገባል። ቱቦ ያላቸው መሻገሪያዎች ላይ ወጣቶች ገብተው በእጃቸው ሲጎትቱት ታያላችሁ። ክፍት ድልድይ ግን መሀሉ ላይ ምንም የሚይዝ ነገር ስለሌለ እምቦጩ አልፎ ይሄዳል። ዲዛይኑን የቀየረው አካል ስለሰማን ከልቤ አመሰግናለሁ። ሌላ መንደር ያላችሁ፣ ቱቦ ካመጡላችሁ ይህን ጥያቄ ጠይቁ፦ እምቦጩን ማን ነው የሚያወጣው?

የሥራው ጊዜ ላይ ትንሽ ልቆይ። ቦይ ውስጥ ሥራ የሚሠራው ውሃው ሲቆም ነው። ወንጂ ላይ ውሃ የሚቀንሰው ክረምት ነው፣ ፋብሪካውም ለጥገና የሚቆመው ያኔ ነው፣ አገዳውም ዝናብ ስለሚያገኝ መስኖ ብዙ አይፈልግም። ስለዚህ ክረምት ላይ መጀመራቸው ከቦዩ አንጻር ትክክል ነው። ግን አፈራችን ኮትቻ፣ ጥቁሩ ጭቃማ አፈር፣ ነው። በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ በዝናብ ያብጣል፣ ጭቃው ጫማ ይነጥቃል። ኮትቻ ላይ በክረምት መሠረት መቆፈር ትልቅ ፈተና ነው። መሠረቱን ግን በሚገባ ሠርተውታል፣ ይህን ከአፌ ሞልቼ እናገራለሁ። ጥቁሩን አፈር አልፈው ጠንካራው ንብርብር እስኪገኝ ቆፈሩ፣ የሚገባውን ውሃ በሞተር እየቀዱ። መሀል ላይ አንድ ፎርማን "ይበቃል" ሲል ተቆጣጣሪው ወርዶ አይቶ "አይበቃም" አለው፣ ሥራው ቆመ፣ እንደገና ተቆፈረ። እንደዚህ ያለ ተቆጣጣሪ ለሁሉም መንደር ይድረስ።

ብረቱም ጥሩ ነበር። አሳሳሩን አየሁት፣ ከካሳፎርማው፣ አርማታው ከሚሞላበት ቅርጽ ማውጫ፣ ጋር እንዳይነካካ ከሥሩ የሲሚንቶ ጠጠር ተቀምጦለታል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን ብረቱ ወደ ኮንክሪቱ ፊት ከቀረበ እርጥበት ይደርስበታል፣ ይዝጋል፣ ሲዝግ ያብጣል፣ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይገነጥለዋል። ከሥራቸው ብረታቸው ገጥጦ የሚታይ ድልድዮች በየሀገሩ የምናየው በዚህ ነው። ሶሌታው የተሞላው በአንድ ቀን ነው፣ ሚክሰሩ ሳይቆም፣ ቫይብሬተር እየገባበት። መሀል ላይ ቆሞ በማግስቱ ቢቀጥል መጋጠሚያው ደካማ ይሆን ነበር።

ውሃ ማጠጣቱ ላይ ግን ተናድጄ ነበር። ኮንክሪት ጥንካሬውን የሚያገኘው ውሃ ስለጠጣ እንጂ ስለደረቀ አይደለም፣ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። በመጀመሪያው ሳምንት ካልረጠበ ፊቱ ይሰነጠቃል፣ ሙሉ ጥንካሬው የሚለካውም በ28ኛው ቀን ነው። እዚህ ሸለቆ ውስጥ ዝናብ ቆም ባለበት ቀን ፀሐዩና ነፋሱ አንድ ላይ ሆነው ፊቱን ያደርቁታል። መጀመሪያ ላይ አንድ ልጅ በባልዲ እየረጨ ይሄድ ነበር፣ ከሰዓት ደርቆ ነጭ ሆኖ ይታያል። የሰፈሩ እናቶች ናቸው "ኧረ ልጄ፣ ይሄ ነገር ተጠማ እኮ" ብለው የጮሁት። ከዚያ በኋላ ጆንያ አለበሱት፣ ጆንያውን ደግሞ እያራሱ አቆዩት። አሁን ፊቱ ላይ ቀጭን ቀጭን ስንጥቅ አለ፣ እንደ ፀጉር ያለ። የሚያሰጋ አይመስለኝም፣ ግን ከመጀመሪያው ጆንያ ቢለብስ አይኖርም ነበር።

ስፋቱ። ሁለት ባጃጅ ይተላለፋል፣ አንድ አገዳ የጫነ ተሽከርካሪና አንድ ጋሪ ግን አይተላለፉም፣ አንዱ ይጠብቃል። ለእኛ መንደር በቂ ነው። በአንድ በኩል ለእግረኛ ከፍ ያለ መረማመጃ ሠርተዋል፣ ጠዋት ተማሪዎች ሲጎርፉ ስታዩት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ይገባችኋል። ከዚህ በፊት ልጅን ብቻውን ትምህርት ቤት መላክ ጭንቀት ነበር፣ አሁን ስድስትና ሰባት ዓመት የሆናቸው ልጆች ተያይዘው ይሄዳሉ። በግሌ ለዚህ ብቻ እንኳ አምስት ከአምስት እሰጣለሁ።

መከላከያው ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። በአግዳሚዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ሰፊ ነው፣ ትንሽ ልጅ ያሾልካል። ልጆቹ ደግሞ ከዚያ እየሾለኩ ወደ ቦይ እየዘለሉ ይዋኛሉ፣ ሙቀት ነው፣ አልፈርድባቸውም። ግን የወንጂ ቦይ ቢልሃርዚያ እንዳለበት ከጥንት ጀምሮ በጥናት የታወቀ ነው። ውሃ ውስጥ ባለ ቀንድ አውጣ ነው የሚተላለፈው፣ ቆዳ ሰንጥቆ ይገባል። አንድ አግዳሚ ብረት መሀል ላይ ቢጨመር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ወላጆች ደግሞ ልጆቻችሁን ንገሯቸው፣ ድልድዩ መዝለያ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ።

ድልድዩ ከድሮው ከፍ ብሎ ነው የተሠራው፣ መደረግም ነበረበት፣ ውሃ ሲሞላ ከሥሩ ክፍት ቦታ እንዲኖርና ቦይ የሚጠርገው ስካቫተር እጁን አስገብቶ ደለሉን እንዲያወጣ። ከፍ ሲል ግን በሁለቱም በኩል መንገዱ አብሮ ከፍ ማለት አለበት፣ ማለትም ሙሌት ያስፈልጋል። ሙሌቱ ምን ሆነ? ከተቆፈረው ጉድጓድ የወጣውን ያንኑ ኮትቻ መልሰው ሞሉት። ከላይ ስስ ጠጠር አለበሱት፣ ሮሎ ሁለት ሦስት ጊዜ ሄደ ተመለሰ፣ አለቀ። ለዓይን ያምር ነበር። ምርቃት ተደረገ፣ ፎቶ ተነሣን፣ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር፣ እኔም ደስ ብሎኛል።

ዝናብ ሲመጣ ኮትቻው አበጠ፣ ሲደርቅ ተቀመጠ። ድልድዩ ግን ጠንካራ መሬት ላይ ስለቆመ አልተነቃነቀም። ስለዚህ ኮንክሪቱ ጫፍ ላይ ደረጃ ተፈጠረ። ዛሬ በማዶው በኩል ያለው ደረጃ የእጅ ስንዝር ይጠጋል። ባጃጅ ቆሞ፣ ሰው አውርዶ፣ ገፍቶ ነው የሚወጣው። ሽንኩርትና ቲማቲም ይዘው ወደ አዳማ የሚሄዱ ነጋዴዎች ሣጥኑ እየተንገጫገጨ ከታች ያለው ቲማቲም ይፈርጣል ይላሉ። አንድ ጋሪ ነጂ አክስሉ ተሰብሮበት መንገድ ላይ ቆሞ አግኝቼዋለሁ፣ "ወንድሜ፣ የድሮው ሳንቃው ነበር የሚሰብረኝ፣ አሁን ደግሞ መግቢያው" አለኝ። እውነቱን ነው።

በጣም የሚያናድደኝ መፍትሔው ቅርብ መሆኑ ነው። አካባቢያችን የእሳተ ገሞራ ምድር ነው፣ ቀይ አሽ፣ ያ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቀይ ጠጠር፣ በየኮረብታው ሞልቷል፣ አዳማ ዙሪያ ሲኖ ሲጭነው ይውላል። ቀይ አሽ ውሃ ያሳልፋል፣ አያብጥም፣ ሲጠቀጠቅ ይቆማል። ከግንቡ ጀርባ ያለውን ኮትቻ አውጥተው በቀይ አሽ በትንሽ በትንሹ እየደለደሉ፣ እያንዳንዱን ድርብ እያራሱና በሮሎ እየጠቀጠቁ ቢሞሉት ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ሌላው ዘዴ ከድልድዩ ጫፍ ተነሥቶ ሙሌቱ ላይ የሚያርፍ የመዳረሻ ሶሌታ መሥራት ነው። አፈሩ ቢቀመጥ እንኳ ሶሌታው ቀስ ብሎ ይዘነበላል እንጂ ደረጃ አይፈጥርም። ከጠቅላላ ወጪው አንጻር ሲታይ ይህ ትንሽ ነው። ያን ያህል ተለፍቶበት፣ መሠረቱ ድረስ ተወርዶ ጥሩ ሥራ ተሠርቶ፣ መጨረሻው ላይ ሲደርስ መቸኮል ለምን አስፈለገ?

የውሃ መውረጃም የለውም። ዝናብ ከመንገዱ እየወረደ በሙሌቱ ጎን ይፈስሳል፣ አፈሩን እየሸረሸረ ወደ ቦዩ ይዞት ይገባል። በግንቡ ላይ የውሃ ማስተንፈሻ ቀዳዳዎች አሉ፣ ጥሩ ነው፣ ግን ከጀርባቸው ጠጠር ስላልተደረገ ኮትቻው ደፍኗቸዋል። ከጀርባ የታመቀ ውሃ ግንብ ይገፋል። ይህ ዛሬ አይታይም፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ነው የሚታየው።

ከድልድዩ ሥር ብዙም የምለው የለኝም። ቦዩ አልጠበበም፣ ውሃው በነፃነት ያልፋል። ከታች በኩል ውሃው ከኮንክሪት ወደ አፈር በሚወጣበት ቦታ ድንጋይ ደርድረዋል፣ አፈሩን እንዳይቦረቡር። ድንጋዩ ትንሽ ነው፣ ሌላ አንድ ሁለት ሜትር ቢረዝም ጥሩ ነበር፣ ግን እስካሁን ይዟል።

ሥራው እስኪያልቅ የተሰጠን ተለዋጭ መንገድ ግን አስቸጋሪ ነበር። ቦዩን በአፈር ደልድለው ከሥሩ ቱቦ አስገቡ፣ ዝናብ ሲዘንብ ጭቃ ሆነ፣ ባጃጆች "አንገባም" አሉ፣ ታማሚ በቃሬዛ የተሻገረበት ቀን ነበር። ሲጨርሱ ደግሞ አፈሩን አነሡና ለተለዋጭ መንገዱ አፈር የቆፈሩትን ጉድጓድ እንዳለ ትተውት ሄዱ። ውሃ አቁሯል። ወንጂ ወባ የማያውቃት ቤት የለም፣ የቆመ ውሃ ደግሞ የትንኝ ቤት ነው። ጤና ኤክስቴንሽኗ ደጋግማ አመልክታለች፣ እስካሁን አልተደፈነም። ለዚህ አንድ ከአምስትም ይበዛበታል።

ሌላው የጎደለው ምልክት ነው። ስንት ቶን እንደሚችል የሚናገር ሰሌዳ የለም። "ጭነት ይችላል ወይ" ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ መልሴ ይሄ ነው፦ የአውትግሮወር ገበሬዎች፣ ማለትም በራሳቸው መሬት አገዳ አምርተው ለፋብሪካው የሚያቀርቡ፣ አገዳ የሚጭኑ ትራክተሮችና ተጎታቾች በየቀኑ ያልፉበታል፣ ምንም አልሆነም። አሸዋ የጫነ ሲኖ ሲያልፍም አይቻለሁ። ግን የተሠራበትን ልክ በጽሑፍ ያየ ከእኛ መሀል የለም፣ ሰሌዳው እስኪተከል ድረስ ሾፌሮች እባካችሁ ሁለት ከባድ መኪና ተከታትላችሁ አትግቡ።

እንግዲህ ነጥብ ከተባለ ለድልድዩ ለራሱ አራት ተኩል፣ ለመዳረሻው ሁለት። ለሌላ መንደር ይሠራ ቢባል "ይሠራ" እላለሁ፣ ሳላመነታ፣ ግን ውል ሲፈረም ሙሌቱ ከምን እንደሚሞላ ተጽፎ እንዲገባ ጠይቁ። "ሰሌክት ማቴሪያል" (የተመረጠ የሙሌት አፈር) ተብሎ በደፈናው ከተጻፈ አትርኩ፣ ከየት እንደሚመጣ ይጻፍ። ሲሞላም አንድ ሰው መድባችሁ ቁሙ። የእኛ መንደር ሶሌታው ሲሞላ በሙሉ ወጥቶ አየ፣ ሙሌቱ ሲሞላ ግን ሁሉም ወደ ሥራው ሄዶ ነበር።

የአሮጌው ድልድይ ብረቶች አሁንም ዳር ላይ ተጋድመው አሉ። ጫፋቸው የተበላ ቢሆንም መሀላቸው ደህና ነው፣ ተቆርጠው ከታች ባለችው ትንሽ ቦይ ላይ ለእግረኛ መሻገሪያ ይሆናሉ። እዚያ እናቶች ውሃ ተሸክመው በአንድ ግንድ ላይ ነው የሚሻገሩት። የሚመለከተው አካል ከፈቀደ ብየዳውን የሰፈሩ ወጣቶች በነፃ እንሠራለን ብለዋል።

አሁን ያለን ዕድል የዋስትና ጊዜው አለማለቁ ነው። እንዲህ ባለ ሥራ ላይ ተቋራጩ ካስረከበ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ዓመት የታየውን ጉድለት የማስተካከል ግዴታ አለበት። ያ ጊዜ ካለፈ ሙሌቱ የእኛው ዕዳ ነው። ስለዚህ የደረጃውን፣ የተደፈኑትን ቀዳዳዎች፣ የጉድጓዱንና የመከላከያውን ፎቶ አንሥተን ከማመልከቻ ጋር አያይዘናል። ማመልከቻው ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ነው ያለው። የማዶ ሰፈር ነዋሪዎች ገና አልፈረማችሁም። ጠዋት ቢሮው ክፍት ነው፣ መታወቂያ ይዛችሁ ሄዳችሁ ፈርሙ፣ ከሰኔ በፊት መግባት አለበት። ድልድዩን በየዓመቱ የሚጠርግ ሰው እንዲመደብም በዚያው ማመልከቻ ላይ ጠይቀናል፣ የጫፎቹን አፈርና ፍግ ማለቴ ነው። እስኪመደብ ድረስ የኛ ዕድር ወጣቶች በወር አንድ እሑድ አካፋ ይዘን እንወጣለን፣ መምጣት የምትፈልጉ ኑ።